ሰላምታ የማይጠብቅ ገጽ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው፤ ካዛንቺስ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ሥልጠና፣ ዲዛይንና ድረ ገጽ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከአራቱ በቅጡ የማውቀው ጽሕፈቱን ብቻ ነበር። የኮሌጅ ሰርተፊኬቴን በፕላስቲክ አቃፊ ይዤ፣ የእህቴን ጫማ ተውሼ ደረጃውን ወጣሁ። ጫማው ይጠበኝ ስለነበር ከዚያ ቀን ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ተረከዜን ነው።

አለቃዬ አቶ ዳኛቸው ይባላሉ። ክራቫታቸውን በሙቀትም በዝናብም የማያወልቁ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሰርተፊኬቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ፈጣን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ በጣም ፈጣን ነኝ» አልኩ።

«ፈጣን ሰው አልፈልግም። ሦስት ፈጣኖች መጥተው ሄደዋል» አሉና ወንበር አሳዩኝ። ያን ቀን ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ ስጽፍ ዋልኩ።

የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሥራዬ የአንድ አነስተኛ ሆቴል ነበር። እኛ ቢሮ አማርኛው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ገጽ፣ ባለቤቱ ቢሮ ሲከፈት በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተሞላ። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ አይታይም ነበር። ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ሳጥኖቹን በጣታቸው ተከተሉና «እነዚህ ክፍሎቻችን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

መላ አገኘሁ ብዬ ጽሑፉን በሙሉ በፎቶሾፕ ሥዕል አድርጌ ለጠፍኩት። አማረ። በሳምንቱ የሆቴሉ ስልክ ቁጥር ተቀየረ፤ ሥዕሉን እንደገና ሠራሁ። ቀጥሎ የምግብ ዝርዝሩ ተቀየረ፤ እንደገና ሠራሁ። በሦስተኛው አቶ ዳኛቸው ከኋላዬ ቆመው «ይሄ ድረ ገጽ ነው ፎቶ ቤት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ኮድ በደንብ መማር እንዳለብኝ ገባኝ።

ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር ነበር የሚመጣው። አንድ ሰው ስልክ ካነሳ ይቋረጣል። ትልቅ ሥራ ስንልክ አቶ ዳኛቸው ራሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ስልክ የሚነካ ሰው እንዳላይ!» ይሉ ነበር። ሥራው ሄዶ ሲያልቅ ሁላችንም እፎይ ብለን ሻይ እናዛለን።

ቤታችን ቂርቆስ ነው። እናቴ ለጎረቤቶቿ «ልጄ ዲዛይነር ሆነች» ብላ ስታወራ ሁለት ሴቶች የቀሚስ ጨርቅ ይዘው መጡ። እኔ የምሠራው በኮምፒውተር ነው ብላቸው «እሱማ ይበልጥ ልክ ይመጣል» አሉኝ። ጨርቁን እስኪወስዱት ድረስ ሁለት ሳምንት ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ሥራዬን በአንድ ቃል መግለጽ አቅቶኝ ነበር። የፊት ገጽ ሥራ ማለት ሰው የሚያየውንና የሚነካውን መሥራት ነው። ቁልፉ የት ይቀመጥ፣ ፊደሉ ምን ያህል ይሁን፣ ሰው ሲሳሳት ምን ይባል። ከጀርባ ያለውን የመረጃ ቋት ሌሎች ይሠራሉ። ሲበላሽ ግን የሚወቀሰው ፊት ለፊት ያለው ነው፤ ፊት ስለሆነ።

ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ «ጀማሪ»፣ ቀጥሎ «ዲዛይነር»፣ ከዚያ «ሲኒየር ዲዛይነር» ሆንኩ። ሲኒየር የሆንኩት አዲስ ልጅ ስለተቀጠረች እንጂ እኔ ውስጥ አንዳች ነገር ስለተለወጠ አይደለም። በዚህ መሐል ዩኤክስ የሚባል ነገር መጣ። ገጹ ማማሩ አይበቃም፣ ሰው ሲጠቀምበት የሚሰማው ነገር ራሱ ሥራ ነው የሚል። ደስ አለኝ። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ካነበብኩት አንዱ፣ ገጽ ከርክክብ በፊት ተጠቃሚ ይሞክረው ይላል። እኔም መሞከር ጀመርኩ። የኬክ ቤቷን ገንዘብ ተቀባይ፣ የጎረቤት ቢሮ ጸሐፊዎችን፣ የሕንፃውን ጥበቃ ጋሽ ወርቁን አንድ በአንድ ሦስተኛ ፎቅ አስወጣሁ። ወንበር እስባለሁ፣ ሻይና ኬክ አቀርባለሁ፣ «እስቲ የሠራሁትን እዩልኝ» እላለሁ።

ሁሉም «በጣም ያምራል» አሉኝ። ጋሽ ወርቁማ መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ ጥቁር እያለ ነው «ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ» ያለኝ። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ሪፖርቴ ላይ ግን «ተጠቃሚዎች በሙሉ ረክተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ አቶ ዳኛቸውም ለደንበኛ እያሳዩ ኮሩበት።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ኡራኤል አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍሉን ወደ ኮምፒውተር ለማዞር ፈለገ። ሥራው ለእኛ ተሰጠ። የምዝገባው ገጽ የእኔ ሆነ። ወይዘሮ አስካለን ያወቅኩት በዚህ ነው።

ወይዘሮ አስካለ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ከእሳቸው በታች አንድም ሰው አልነበረም። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያች መስኮት ላይ ናቸው። ከኋላቸው እስከ ጣሪያ የሚደርስ የካርድ መደርደሪያ አለ። የማንም ካርድ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግን መደርደሪያው ጋ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

የመጀመሪያ ቀን ጥያቄ ልጠይቃቸው ሄጄ ግማሹን ሰዓት የጠየቁት እሳቸው ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ ደህና መሆኗን፣ ለምን እንዳላገባሁ። ሻይ በብስኩት አስመጡልኝ። እኔ ኬክ አቅርቤ ነበር ሰው የምፈትነው፤ እዚህ እንግዳዋ እኔ ሆንኩ።

«ልጆቼ አግብተው ወጡ» አሉኝ። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። እዚህ ግን ይኸው ቀኑን ሙሉ ሰው።» መስኮቷን በእጃቸው መታ መታ አደረጓት።

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አቶ ተፈራ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ማስታወቂያ ለጠፉ፤ አዲሱን ሲስተም በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልለመደ ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል የሚል። ለወይዘሮ አስካለ ሌላ ክፍል ማለት ከግቢው ጀርባ አንሶላና ጋውን የሚታጠፍበት ክፍል ነበር። መስኮት የለውም። ሰው አይመጣበትም።

ማስታወቂያውን አብረን አነበብነው። «ይሄ ነገር ለእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል። አራት ዓመት አንሶላ ሳጥፍ ልኖር ነው?»

«እትዬ አስካለ፣ አያስቡ። እኔ እያለሁ?» አልኳቸው። ወጣትነት አፍ ያበዛል።

ገጹን ሠርቼ ስጨርስ ላስሞክራቸው ሄድኩ። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቁልፎቹ በአማርኛ ናቸው፣ ቀለሙ ዓይን አይወጋም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፤ መጨረሻ ላይ የአሮጌው ካርድ ቁጥር። ካርድ ቁጥሩ ካልገባ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። ደግሞም የታማሚ ስም ለመንገደኛ ዓይን ተከፍቶ እንዳይቀመጥ፣ ገጹ ሁለት ደቂቃ ካልተነካ ራሱን አጥፍቶ ባዶ እንዲሆን አደረግኩት። ይህን ከአንድ የውጭ መመሪያ ላይ ነው ያገኘሁት። ከሠራሁት ሁሉ በዚህ ነበር የምኮራው።

ወይዘሮ አስካለ በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ። ትንሽ ሲዘገዩ እኔ በትከሻቸው ላይ እጄን አሳልፌ «እዚህ ጋ ይጫኑ እትዬ» እላለሁ፤ አንዳንዴም ራሴ እጫናለሁ። ታማሚ አልነበረም፤ የምንጽፈው የፈጠራ ስም ነበር፤ ካርድ ቁጥሩንም ከራሴ አምጥቼ ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

«ገባዎት?»

«ገብቶኛል የኔ ልጅ። እንዴት ያለ ነገር ነው የሠራሽው! እግዜር ይስጥሽ።»

«ያልተመቸዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

ወረቀቴ ላይ «ሠራተኛዋ ሙሉ በሙሉ ተረድተዋል፤ ምንም ችግር አላነሡም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። እሳቸውም ፈረሙ። ርክክቡ ተፈጸመ፤ አቶ ተፈራ በቆረጡት ዳቦ ሥራው ተመረቀ።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ዳኛቸው ቢሮአቸው ጠርተው አንድ ደብዳቤ ሰጡኝ። ክሊኒኩ ቅሬታ አለው። ተመዝግበው ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ የማይገኙ ታማሚዎች አሉ፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡም አሉ። አንድ አባት የደም ምርመራ ውጤታቸው በአንደኛው ምዝገባቸው ስር፣ እሳቸው በሌላኛው ስር ሆነው እስከ ምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል። ደብዳቤው ሲያልቅ «የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ሲስተሙን መልመድ ስላልቻሉ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ተዛውረዋል» ይላል።

ከሥሩ አባሪ ነበረው። አባሪው የእኔ ሪፖርት ነው። አቶ ተፈራ «ምንም ችግር አላነሡም» የሚለውን አስምረውበታል። ሲስተሙ ተፈትኖ አልፏል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው ማለታቸው ነበር።

አቶ ዳኛቸው እፎይ ያሉ መሰሉ። «ችግሩ የሰው ነው፤ ሲስተሙን አይነካም» አሉ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። «እኔ እያለሁ?» ያልኳቸው እኔው ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ባምቢስ ጋ መኪናው ሁሉ ስለቆመ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከታማሚዎች ጋር ከመስኮቷ ትይዩ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። «ራሴን» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

አንድ ሸምገል ያሉ ጨርቅ ነጋዴ መስኮቱ ጋ ቀረቡ።

«ሐጂ! እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት? ልጅዎ ከሆሳዕና ተመለሰ?» ወይዘሮ አስካለ እየጠየቁ ይጽፋሉ። በሁለት ጣት ይሁን እንጂ አንድ ፊደል አልሳቱም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ሁሉንም ሞሉ። የቀረው የካርድ ቁጥሩ ነው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«ስኳሩስ እንዴት ነው?» ወደ መደርደሪያው እየሄዱ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቀንሷል።»

«ባለቤትዎስ? እጃቸው ዳነ?» ካርዱን አውጥተዋል፤ ይዘውት ቆመዋል። ሐጂ የባለቤታቸውን እጅ ነገር ከአወዳደቃቸው ጀምረው ተረኩላቸው። ሰው የጠየቁትን እየመለሰላቸው ጀርባ አይሰጡትም። ሐጂ ሲጨርሱ ወይዘሮ አስካለ «እሰይ፣ ተመስገን» ብለው ተመልሰው ሲቀመጡ ገጹ ባዶ ነበር።

ስክሪኑን አዩት። ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ ሰው ያየባቸው እንደሆነ። ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡና በእጃቸው ጻፉ። «ጨርሻለሁ ሐጂ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አሉ፤ ፈገግ እንዳሉ።

ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። የሕፃኑ ጥርስ ተጠየቀ። ገጹ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ አንድ አስተማሪ። የፈተናው እርማት ተጠየቀ። ገጹ ባዶ ሆነ። ዝም ብሎ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ብቻ ይመዘገባል፤ ዝም ብሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ ብዙ የለም።

ኀፍረት ተሰማኝ። እኔ ራሴ ቢሮ እስክገባ ጋሽ ወርቁን ስለ ልጆቹ፣ የኬክ ቤቷን ገንዘብ ተቀባይ ስለ እናቷ ሳልጠይቅ ደረጃ የማልወጣ ሰው ነኝ። ገጹን ስሠራ ግን ሰው ሰላም እንደሚባባል ረስቼዋለሁ። ሰላም የማይባባል አገር መመሪያ ይዤ የካርድ ክፍሉን መስኮት ዘጋሁባቸው።

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወጣ። ወይዘሮ አስካለ አልወጡም። ደብተራቸውን ከፍተው የጠዋቱን ታማሚ ሁሉ እንደገና መመዝገብ ጀመሩ። የትኛው ቀድሞ እንደገባ፣ የትኛው እንደጠፋ ስለማያውቁ ሁሉንም ነበር የሚያስገቡት። ሁለት ሁለት ጊዜ የተመዘገቡት ሰዎች ከዚህ ነው የመጡት።

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ አውርጄ ገባሁ። ደብተሩን በክንዳቸው ሸፈን አደረጉት።

«እትዬ አስካለ፣ እንደሚጠፋብዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔ የሆነ ነገር እየነካሁ መስሎኝ...»

«አልነኩም። እኔ ነኝ እንዲጠፋ ያደረግኩት። ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው በሽታ ይደብቃሉ?»

ክንዳቸውን ከደብተሩ ላይ አነሡ። «እንደዚያ ደክመሽበት፣ ደስ ብሎሽ እያየሁሽ... ሥራሽን ላስነቅፍብሽ? አለቃሽ ምን ይልሻል?» አሉኝ።

እሳቸው እኔን ሲሸፍኑ የእኔ ፊርማ ወንበራቸውን እየወሰደባቸው ነበር። አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ እኔን ለማባበል ተነሡ፤ በዚያ ጉልበታቸው።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ ዳኛቸው ያየሁትን በሙሉ ነገርኳቸው። ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ርክክቡ ተፈርሟል» አሉ። «አሁን ጥፋቱ የእኛ ነው ብለን ብንሄድ ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠን የለም። ደግሞ ያንን ወረቀት የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«ስለዚህ ሐሰት መሆኑን የምናገረውም እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት ጮኼባቸው አላውቅም። ቢያባርሩኝም እሄዳለሁ ማለቴንም አስታውሳለሁ። አላባረሩኝም። ማታ ስወጣ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ።

አቶ ተፈራ ሲያዳምጡኝ እስክሪብቶ ያሽከረክሩ ነበር። «እና ሠራተኛዬ ሥራ ትታ ስለምታወራ ነው የሚጠፋው?» አሉ።

«አያወሩም፤ ካርድ እያወጡ ሰላም ይላሉ» አልኩ። «ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ልክ አይደለም። እኔ እየተጫንኩላቸው ነው የፈተንኳቸው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«ስህተቱ የድርጅታችን ነው» አሉ አቶ ዳኛቸው። ያን ያህል ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «በራሳችን ጉልበት እናስተካክላለን።»

አቶ ተፈራ ደብዳቤው ወጥቷል አሉ። ደብዳቤ አይመለስም አሉ። ቆይተው ግን «ሰኞ ጠዋት መጥቼ በዓይኔ አያለሁ፤ ያን ጊዜ ካልሠራ ጉዳዩ አለቀ» አሉ። አራት ቀን ተሰጠን።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ሁለቱን ደቂቃ ዐሥር ማድረግ ነበር፤ ተነሥቼ ልልከውም ነበር። አቶ ዳኛቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው አስቀመጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ የታማሚው ስም ለመንገደኛ ዐሥር ደቂቃ ተከፍቶ ሊቀመጥ አይገባም። ስለዚህ ገጹ ሲቆይ ጽሑፉ ላይ መጋረጃ እንዲወርድበት፣ ቁልፍ ሲነካ የተጻፈው እንዳለ እንዲመለስ አደረግኩ። የተጻፈው ሁሉ እዚያው በዚያው ይቀመጣል። የካርድ ቁጥሩም ቆይቶ ቢገባ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ላስሞክራቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ እውነተኛ ታማሚዎች ነበሩ። ከኋላቸው ተቀመጥኩና ሁለቱን እጆቼን ጭኖቼ ስር አስገባሁ። እንዳልረዳቸው።

ይህም ብቻውን እንደማይበቃ አውቄ ነበር። ከጠየቅኳቸው እንደገና «ያምራል» ይሉኛል። ከጥቂት ታማሚዎች በኋላ ፋታ ሲገኝ «እትዬ፣ ይሄን ገጽ የሠራችው ሌላ ልጅ ናት» አልኳቸው። «እኔ የመጣሁት ጥፋቷን ለቅሜ ልነግራት ነው። አይማሯት።»

ፊቴን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እንግዲያው ለዚያች ልጅ ንገሪልኝ» አሉ። «ሰው እንዴት አደርክ ሳይባል አይስተናገድም፤ እናት አላሳደገቻትም ወይ በያት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»

«ደግሞ ይሄ 'መዝግብ' የሚሉት ቁልፍ ስጫነው ምንም አይለኝም። ሰምቶኝ ይሁን አልሰማኝ በምን ልወቅ? አንድ ቃል ይተንፍስ እንጂ።»

«እሺ።»

«ዕድሜ ስጽፍ የተወለዱበትን ቀን ይለኛል። የእኔ ታማሚዎች ግማሹ ቀኑን አያውቁም። እሷ ታውቅላቸዋለች?»

እየጻፍኩ ነበር። ዓይኔ ስለተሞላ መስመሩን አላየውም። አንድ ሙሉ ገጽ አስጻፉኝ፤ ለሦስት ሳምንት ያጠራቀሙትን ሁሉ። ሲጨርሱ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አልተቀየምኳትም በያት» አሉኝ። «ያቺ ልጅ ጎበዝ ናት። ብቻ ሰው አላየችም።»

እስከ እሑድ ማታ የተባልኩትን አስተካከልኩ። ቁልፉ ሲጫኑት «ተመዝግቧል» እንዲል፣ የተወለዱበትን ቀን የማያውቅ ሰው ዕድሜውን ብቻ እንዲናገር።

ሰኞ አቶ ተፈራ መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። አቶ ዳኛቸው በሩ ጋ ናቸው። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ታማሚ ልጇን ድራ ከርማለች። ሠርጉ ተጠየቀ፣ ሙሽራዋ ተጠየቀች፣ ዝናብ አበላሽቶ እንደሆነ ተጠየቀ። አቶ ተፈራ ሰዓታቸውን አዩ። ወይዘሮ አስካለ ካርዱን ይዘው ተመለሱ፤ ቁልፍ ነኩ፤ መጋረጃው ተነሣ። የጻፉት ሁሉ እዚያው ነበር። ቁጥሩን አስገቡ። «ተመዝግቧል» አለ።

አቶ ተፈራ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ሲሄዱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «ወይዘሮ አስካለ፣ እኔን ግን እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም» አሉ።

«እርስዎማ ቆመው አይሰሙም» አሏቸው።

ሐሙስ የዝውውሩን መሰረዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። ወይዘሮ አስካለ ሁለቱን ደብዳቤዎች አያይዘው ከመደርደሪያው በራሳቸው ካርድ ውስጥ አስቀመጧቸው። ጡረታ እስኪወጡ አራቱንም ዓመት እዚያችው መስኮት ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ገጽ ሠርቻለሁ፤ ኦሎምፒያ በተከፈተ ሌላ ድርጅትም የራሴን ቡድን መርቻለሁ። አዲስ ልጅ ሲቀጠር የምነግረው ነገር አጭር ነው። ስታስሞክር የሠራኸው አንተ መሆንህን አትናገር። ሰውዬው በሚሠራበት ቦታ፣ ከሚያስተናግደው ሰው ጋር ሆኖ ይሞክረው። እጅህን ከማውሱ ላይ አንሣ። ያምራል ካለህ አመስግነው፤ ሪፖርትህ ላይ ግን ያለህን ሳይሆን ሲያደርግ ያየኸውን ጻፍ።